ዝናብ ያለበት አገር

ላስታ የሄድኩት ወንጌል ልሰብክ ነው። በኋላ ሰዎች «ድሆችን ልታስተምር ሄደች» እያሉ ሲያወሩልኝ ሰምቻለሁ። ማስተማሩ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ወለጋ ውስጥ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ መምህርነትም መጽሐፍ ቅዱስም አጥንቼ ስጨርስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ጠየቀች። እጄን አነሳሁ። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ግን፣ «የላስታ ሰው ክርስትናን የሚያውቀው ከእኛ በፊት ነው፤ አንቺ ምን ልትነግሪያቸው ነው?» አለኝ። እኔ ግን ሄድኩ።

የተመደብኩበት መንደር ከላሊበላ ወደ ላይ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ደጋ ነው። አንዲት ፈረንጅ ነርስና ባሏ አንዲት ክፍል ክሊኒክና ሁለት የመማሪያ ክፍል ሠርተው ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጠዋት ውርጩ ገብሱ ላይ ነጭ ሆኖ ይተኛና ተማሪዎቼ ባና ተከናንበው፣ አፍንጫቸው እየፈሰሰ ይመጣሉ። አማርኛዬ ኦሮምኛ ኦሮምኛ ስለሚል ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ሰዉ መድኃኒቱን ወሰደ፣ ፊደሉንም ወሰደ፣ ሃይማኖቴን ግን አልፈለገም። የደብሩ መሪጌታ ገና በመጣሁ ሰሞን ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ተናገሩ። «ልጆቻችሁን ፊደል ታስቆጥርላችሁ፤ ሒሳብም ታስተምር። ጸሎቷን ግን እንዳይጸልዩ፣ ቂጣዋንም እንዳይበሉ» አሉ። መሪጌታ ረጅም፣ ከሲታ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው ነበሩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ይመልሱና፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬም አልተመለስሽም?» ይሉኛል። ወደ አገሬ ይሁን ወደ ሃይማኖታቸው አይለዩትም። እኔም «አልተመለስኩም አባ» እላለሁ። በዚህ ሁኔታ ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት አንድ ሰው እንኳ አላሳመንኩም።

ደርግ ከመጣ በኋላ ፈረንጆቹ አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዙ። ነርሷ ስትሄድ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ክሊኒኩ የገበሬ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ አልጋዎቹ ተጭነው ወደ ከተማ ወረዱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኔንም ወሰዱኝ። ወረዳው ከተማ ውስጥ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተዘጋብኝ። ለማን እንደምሰልል ጠየቁኝ። እግሬን ገረፉኝ። የማውቃቸው ፈረንጆች ነርሷና ባሏ ብቻ ነበሩ፤ የማውቀውም ነርሷ ቁርጥማት እንደነበረባትና ባሏ ድንች መትከል ይወድ እንደነበር ነው። ይህን ስነግራቸው የቀለድኩባቸው መሰላቸው።

ከዚያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሊያስፈታኝ መጣ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታውጆ መንደሩ ውስጥ ማስተማር የሚችል ሰው ጠፍቶ ነበር። አብረውት መሪጌታ ነበሩ። የሚሉትን በበሩ ክፍተት ሰማሁ። የሚመረምረኝ ካድሬ፣ «መሪጌታ፣ እርስዎ ደግሞ ለዚች ነው የሚመሰክሩት? ሃይማኖትዎን ልታስለውጥ የመጣች አይደለችም እንዴ?» አላቸው።

«ናት» አሉት። «መናፍቅ ናት። ፊት ለፊቷ ብያታለሁ፤ ዛሬም እላታለሁ። ሰላይ ግን አይደለችም። ሰላይ ተረከዙ እስኪሰነጠቅ የሰው ልጅ ፊደል ሲያስቆጥር አይውልም።»

ስለ አምላኬ ትንፍሽ እንዳልል አስጠንቅቀው ለቀቁኝ። ቁስሌ ገና ስላልደረቀ መሪጌታ በቅሏቸው ላይ አስቀመጡኝ፤ እሳቸው በእግራቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ ወጣን። ስንደርስ፣ «ከእኔ ዘንድ ሴት ልጅ ዳዊት አትደግምም። ልጄ ደግሞ ካልተማርኩ ብላ ታስቸግራለች። ካንቺ ዘንድ ትምጣ» አሉ።

ልጅቷ መጣች። ጥርሷ የወላለቀ፣ ስትጠየቅ ከመቀመጫዋ ብድግ የምትል፣ ያወቀችውን ሳትናገር መቆየት የማትችል ልጅ ነበረች። ብዙ ተማሪ አስተምሬያለሁ። የሚወደድ ተማሪ መለየት ለመምህር ጥሩ አይደለም ይባላል። እኔ ግን እሷን እወዳት ነበር። ዘመቻው ካመጣቸው መጻሕፍት ሌላ የሚነበብ ስላልነበረን አንዱን ደጋግማ አንብባ በቃሏ ያዘችው። የሥራ ጀግኖች የሚመሰገኑበትን ገጽ ልክ እንደ አባቷ በዜማ ስትወጣው ክፍሉ በሙሉ ይስቃል።

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። ማለቴ ድርቁን ነው፤ እኛ አገር በዓመቱ ነው የሚጠራው። መጀመሪያ በልጉ ቀረ። ሰው «ክረምቱ ይክሰናል» አለ። ክረምቱ ሐምሌ ላይ ጥቂት አንጠባጥቦ ሄደ፤ የበቀለው ገብስ ሳያሽት ደረቀ። እኔ ነገሩን ያወቅሁት ከልጆቹ ነው። በዕረፍት ሰዓት መሯሯጥ ተዉ። ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ቀጥሎ ክፍል ውስጥ መተኛት ጀመሩ። ጠመኔ ሲጠፋብኝ ሌባ የገባ መስሎኝ ተቆጣሁ። ይበሉት ኖሯል። አንዱ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ሳየው ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

በጎቹ ተሸጡ፤ ቀጥሎ በሬዎቹ፤ ቀጥሎ የቤቱ ማገርና በሩ ሳይቀር እየተነቀለ ለማገዶ ወደ ላሊበላ ወረደ። በመጨረሻ ሰዉ ራሱ ወረደ። አንድ ጠዋት ደወል ደውዬ ማንም አልመጣም። ወጥቼ ሳይ ቁልቁለቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ ሽማግሌ በወሳንሳ፣ ሕፃን በጀርባ። ክፍሉን ቆልፌ ተከተልኳቸው። ሌላ ምን ማድረግ እንደምችል አላውቅም ነበር።

ከላሊበላ ከተማ በታች ባለው ሜዳ መጠለያ ተቋቁሞ ነበር። ድንኳኑ ሰዉን ስለማይችል ብዙው ሜዳ ላይ ድንጋይ ክቦ ነበር የሚያድረው። ከሙጃም ከኩልመስክም በኩል በየቀኑ ሌላ ሰው ይጨመራል። እንግሊዝኛ ስለማውቅ የእርዳታ ሠራተኞቹ ቀጠሩኝ። ሥራዬ የሕፃናትን ክንድ መለካት ነበር። መለኪያው ቀለም የተቀባ ስስ ጥብጣብ ነው፤ ክንዱ ላይ ሲጠመጠም ቀዩ ላይ የደረሰ ሕፃን ይገባና የፋፋ ገንፎ ይሰጠዋል። ከቀዩ ያለፈ ይመለሳል። ከአምስት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ግን ክንዱ ክር ቢያህልም አይለካም።

የእኔ ተማሪዎች በሙሉ ከአምስት ዓመት በላይ ነበሩ።

ገመድ በተወጠረበት ድንበር ላይ ቆመው ያዩኛል። «እትዬ» ይሉኛል፤ ሌላ ነገር አይጨምሩም። ኃላፊዋን፣ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት ነርስ ናት፣ ለብቻዋ ወስጄ ለመንኳት።

«እነዚህ ልጆች ያስተማርኳቸው ናቸው። ጥቂቱን እንኳ አስገቢልኝ» አልኳት።

«እትዬ፣ ያለን ለትንንሾቹም አይበቃም» አለችኝ። ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። «ትልልቆቹን ካስገባሁ የማስወጣው ሕፃን የትኛው እንደሆነ አንቺ ምረጪልኝ።»

አልመረጥኩም። ወደ ጥብጣቤ ተመለስኩ።

የመሪጌታ ልጅ ታናሽ ወንድሟን አዝላ መጣች። እናቷ መነሳት አቅቷት መሬት ላይ ተኝታ ነበር። የሕፃኑን ክንድ ለካሁ፤ ከቀዩም በታች ነበር፤ አስገባሁት። የሚያበላው ሰው ራሱ እንዳይቀምስ የሚጠብቁ ሠራተኞች ነበሩ። ልጅቷ ፋፋውን በማንኪያ እየሰጠችው ከንፈሯን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። ባለፍኩ ቁጥር፣ «እትዬ፣ እኔ አልቀመስኩም» ትለኛለች። ማንም አልጠየቃትም።

ለእኛ ለሠራተኞች ዳቦ ይሰጠን ነበር። አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ድርሻዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ቤተሰቡ ሄድኩ። ልጅቷ ዳቦውን አይታ እጇን አልዘረጋችም። ወደ አባቷ ዞረች።

መሪጌታ ድንጋይ ተንተርሰው ነበር። ተነስተው ተቀመጡ። «ተቀበያት» አሏት።

«ጾም ነው እኮ አባዬ፤ ሰዓቱ አልደረሰም።»

«ጾሙን እኔ ፈትቼልሻለሁ። ብዪ።»

በላች። አባትየው እስክትጨርስ አላዩንም። ሜዳውን ነበር የሚያዩት።

ወንድሟ አልዳነም። ፋፋውን ሆዱ መያዝ አቅቶት ተቅማጥ ወሰደው። በማግስቱ ጠዋት አባቱ በባዶ የእህል ከረጢት ገነዙት፤ ሌላ ጨርቅ አልነበረም። መሪጌታ በዚያ ሰሞን ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ፍትሐት ሲያደርሱ ነበር የሚውሉት። ሌሎቹ ካህናት ደክመዋል፣ ሞተዋልም። ያ ትልቅ ድምፃቸው እየሰለለ ሄዶ ሄዶ በመጨረሻ ከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ለልጃቸውም እንዲያ አደረሱ። በእኛ ሥርዓት ለሞተ አንጸልይም። እዚያ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሜ ግን እሳቸው «አሜን» በሚባልበት ቦታ ሲያቆሙ የሚመልስላቸው ስላጡ፣ እኔ አሜን አልኩ።

ጸሎት አልሆንልሽ ያለኝ በዚያ ጊዜ ነው። ቃሉ አፌ ውስጥ ይደርቃል። ከቀብር ስንመለስ ጠየቅኋቸው። «አባ፣ እግዚአብሔር ዝም ያለው ለምንድን ነው?»

«እኔን አትጠይቂኝ» አሉ በዚያ በሰለለ ድምፅ። «እኔም እሱኑ እየጠየቅሁ ነው።»

ትንሽ ሄደን፣ «እነዚያ ገመዱ ሥር የሚቆሙት ልጆች አንቺን ነው የሚያዩት። ቆመው ከሚውሉ አስተምሪያቸው» አሉኝ።

«በምን ላስተምራቸው? መጽሐፍ የለኝ፣ ሰሌዳ የለኝ።»

«በአፍሽ።»

ከሰዓት በኋላ ልኬቱ ሲያበቃ ከገመዱ ማዶ ሄጄ አስቀመጥኳቸው። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል አስወጣኋቸው። አገራችን ስንት ወንዝ እንዳላት አስቆጠርኳቸው፤ ተከዜን፣ ዓባይን፣ የእኔን አገር ዴዴሳን። የመሪጌታ ልጅ ትመራለች፤ የቀሩት ይቀበሏታል። ድምፃቸው የወፍ ጫጩት ድምፅ ያህል ነበር። አንድ አባት ቆሞ ሲያየን ከቆየ በኋላ፣ «ምን ታደርጊላቸዋለሽ አንቺ ሴት? ሰማይ ቤት ገብተው ሊያባዙ ነው?» አለኝ። የሁለት ልጆች አባት ነበር፤ ሁለቱንም ቀብሯል። ተማሪዎቼ ቁጥሩን አቆሙ። እውነቱን ነበር። አንድ ሰዓት ቁጥር ቢቆጥሩ ሆዳቸው ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። በማግስቱ ግን ልጆቹ ቀድመውኝ መጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ትናንት ልጅ የነበረበት ቦታ ዛሬ ባዶ ይሆናል። ጎን ለጎን የተቀመጡት ቦታውን ሳይሞሉ ይተዉታል። እኔ ስም መጥራት ተውኩ።

ሰፈራው ሲመጣ ሰዉ በዚህ ሁኔታ ላይ ነበር። ካድሬዎች በድምፅ ማጉያ ለም መሬት፣ በሬ፣ ቤት እንደሚሰጥ ይናገራሉ። ሰው ግን አገሩን መልቀቅ ፈራ። አንዱ ካድሬ የወለጋ ልጅ መሆኔን ሰምቶ አስጠራኝ። «የሚሄዱት ወደ አንቺ አገር ነው። ውጪና ንገሪያቸው፤ አንቺን ያምናሉ» አለኝ። እንቢ ማለት እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን።

ማጉያውን ይዤ ድንጋይ ላይ ቆምኩ። ከፊቴ ያለው ሰው ሁሉ የማውቀው ፊት መሰለኝ። «አገሬ ዝናብ አለ» አልኩ። «በቆሎ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። ሰዉም ክፉ አይደለም። ቆላው ግን ወባ አለበት። የደጋ ሰው ወባ አይችልም፤ ይሞታል።» ካድሬው ማጉያውን ከእጄ ነጠቀኝ። ክንዴን ይዞ አወረደኝና፣ «ለዚህ ነው ያልተማራችሁት!» አለኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ምናልባት ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያየው ስለነበር ነው ሳያስረኝ የቀረው።

በማግስቱ መሪጌታ መጡ።

«ዝናቡ እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው አባ። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይዘንባል።»

«ወባውስ?»

«እሱም እውነት ነው።»

ዝቅ ብለው አፈር ዘገኑና መልሰው በተኑት። «እዚህ ብንቆይስ ምን ይመስልሻል?»

የእርዳታ መኪና ከመጣ ሰንብቷል፤ በጋሸና በኩል መንገዱ ላይ ውጊያ አለ ይባል ነበር። «አላውቅም አባ» አልኳቸው።

«እዚህ ያለውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉና ሊመዘገቡ ሄዱ።

የጭነት መኪናዎቹ ጠዋት ተደረደሩ። ሕመምተኞች ለብቻ ይጫናሉ ተባለና የመሪጌታን ሚስት ከኋለኛው መኪና ላይ አስተኟት። መሪጌታ «አብረን» እያሉ ሲለምኑ ወታደሩ፣ «ኮምቦልቻ ስትደርሱ ትገናኛላችሁ» አላቸው። ልጅቷ ከመኪናው ጠርዝ ላይ አንገቷን አውጥታ ፈለገችኝ።

«እትዬ፣ ወደ አገርሽ እኮ ነው የምንሄደው። አንቺም ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኳት።

«መቼ?»

መኪናው ተነሳ። አቧራው እስኪጠፋ ቆምኩ። ከዚያ የሚለካ ሕፃን ነበርና ወደ ድንኳኑ ገባሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናብ ዘነበ። ወደ መንደሩ ተመለስኩ። ከግማሽ የሚበልጠው ቤት ክዳን አልነበረውም። ክፍሉን ከፍቼ የተረፉትን አስተማርኩ፤ ጥቂት ነበሩ፤ ከመካከላቸው ማዶ ማዶ ከማየት በቀር ቃል የማይወጣቸው ነበሩ። ሁለት ዓመት ያህል ቆየሁ። እናቴ መታመሟን ስሰማ ዝውውር ጠየቅሁና ወደ ወለጋ ተመለስኩ። እናቴን ቀበርኩ። ኀዘኑ እንዳለፈ የላስታ ሰዎች የት እንደሰፈሩ መጠየቅ ጀመርኩ።

ብዙ ጣቢያ ዞርኩ። በመጨረሻ ዴዴሳ ሸለቆ ውስጥ ካሉት በአንዱ፣ ተመሳሳይ ጎጆዎች በመስመር በተሠሩበት ሰፈር፣ «የላስታው መሪጌታ» ብዬ ስጠይቅ አንዲት ሴት በጣቷ አሳየችኝ። ከአንድ ሾላ ሥር ተቀምጠው ለሕፃናት ሀ ሁ ያስቆጥሩ ነበር። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል።

ሲያዩኝ አልተገረሙም። ልጆቹን አሰናበቱ፤ እኔም አጠገባቸው ካለው ግንድ ላይ ተቀመጥኩ። እስክጠይቃቸው አልጠበቁም።

«እናቷን ኮምቦልቻ አላገኘናትም። ያ መኪና የት እንደገባ የነገረን የለም» አሉ። «ልጂቱ በመጀመሪያው ክረምት ነው። ትኩሳት ያዛት። ዝናቡ እንዳልሽው ነው፤ ስንቀብራትም ይዘንብ ነበር። ጉድጓዱ ውሃ እየሞላ አስቸገረን።»

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። ላለቅስ ነበር፤ ግን እሳቸው ሳያለቅሱ እኔ እንባውን ከየት ላምጣው?

«ወባ እንዳለ ነግረሽኛል» አሉኝ። «ሳልሰማ አይደለም የመጣሁት። ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው።»

ሊመሽ ሲል መቃብሯን አሳዩኝ። ሣር ውጦታል። ካህኑ እሳቸው፣ አልቃሹ እሳቸው፣ ቀባሪውም እሳቸው ነበሩ።

ትምህርት ቢሮ ሄጄ እዚያ ሰፈራ እንድመደብ ጠየቅሁ። ማንም የማይፈልገው ቦታ ስለሆነ ወዲያው ሰጡኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በዚያን ጊዜ ተዘግታለች፤ ወንጌላዊት የሚለኝ አልነበረም፤ እኔም ራሴን እንዲያ አልጠራም ነበር። ሳር ቤት ውስጥ አስተማርኩ። መሪጌታ ፊደል አስቆጥረው ያሻገሯቸውን ልጆች እኔ እቀበላቸዋለሁ። አንዳንድ ጊዜ ከሰዓት በኋላ መጥተው ከኋላ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሒሳብ ስናስብ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ስለ ሃይማኖት ተከራክረን አናውቅም። ጸሎቴ ተመለሰልኝ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ቃሉ ተመልሷል። ያ የድሮው ግን አይደለም።

መሪጌታ ከሁለት ክረምት በኋላ በዚያው በወባ ሞቱ። ከልጃቸው ጎን ቀበርናቸው። ካህን ከሩቅ ሰፈራ እስኪመጣ አስከሬኑ መቆየት አልቻለም። ቀባሪው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ግዕዝ አላውቅም። መሪጌታ ላሊበላ በየማለዳው ሲደጋግሙት ከሰማሁት ጆሮዬ ላይ የቀረ ጥቂት ነበር፤ እሱን አልኩ። ከዚያ በአማርኛ ጨመርኩበት።

ደርግ ሲወድቅ ሰዉ በአንድ ሳምንት ተነሳ። ከአካባቢው ሰው ጋር ጠብ ይነሳል የሚል ወሬ ነበር፤ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሲያልፉ ይታያሉ። «ወደ አገራችን» እያሉ ዕቃቸውን ተሸክመው፣ የቆሎ ስንቅ ይዘው በእግር ሄዱ። ላስታ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ተማሪዎቼ እየመጡ እጄን ሳሙ። አንዷ እናት፣ «አንቱም ከእኛ ጋር ኑ እንጂ፣ እዚህ ማን አለዎት?» አለችኝ። አገሬ እዚህ እንደሆነ ልነግራት ብዬ ተውኩት።

ከሄዱ በኋላ ሰፈሩ ውስጥ የሚሰማው ጉሬዛ ብቻ ነበር። የታመሙና የሚሄዱበት ያጡ ጥቂት ቤተሰቦች ቀርተው ነበር። ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ጠርጌ ከፈትኩ። እስኪረፍድ ማንም አልመጣም። ከዚያ አንዲት ልጅ እግሯ ላይ ቁስል ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ትምህርት አለ?» አለችኝ።

«አለ፣ ግቢ» አልኳት። ጠመኔውን አነሳሁ፤ ምን እንደምጽፍላት ግን ወዲያው አልመጣልኝም።